ለግነት ምሳሌ፣ ስሜ

ግሪምዝቢ ላይ ነው፤ ባሕሩ ሲነጋ ቆርቆሮ ይመስላል።
(«ይመስላል» አልኩኝ። ተነጻጻሪ ነው፤ ካርዱ እንዲያ ይላል።)
ከዓሣው ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣ ጓንቴን አውልቄ
አውቶቡስ ስጠብቅ ካርዶች አወጣለሁ፣ ጣቶቼን አሙቄ።
በአንድ ወገን ቃሉ፣ በአንድ ወገን ፍቺው፣ በልጄ እጅ ጽሑፍ፤
ጠርዙን ጨው የበላው፣ ቅርፊት የለጠፈ፣ የማይለቅ ጉድፍ።

ሲሚሊ፤ ሜታፈር፤ ኦክሲሞሮን ደግሞ እሾኻም ዓሣ ነው፣
ቀስ ብለው ካልበሉት ጉሮሮ ላይ ቆሞ ሰውን የሚያንቀው።
«እሱስ ሜታፈር ነው» አለኝ ልጄ ያፌት፣ ስነግረው ማታ፤
ዐሥራ አራት ዓመቱ፣ ሆኖብኝ መምህሬ፣ እግሩን ሰቅሎ በእርጋታ።

ነርስ ለመሆን ነው። ኮሌጁ «መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይለፉ፣
ያኔ ይመለሱ» አለኝ በደብዳቤ፤ ክረምቶች አለፉ።
ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ እንማራለን፣
አንድ ፖላንዳዊ፣ ሁለት ኩርዶች፣ እኔ፣ ሻይ እየጠጣን።

«ለግነት ምሳሌ?» አለች ሚስስ ሆልሮይድ።
«ስሜ» አልኳት።
«እልፍነሽ ማለት ዐሥር ሺህ ነሽ ማለት ነው» ስላት
ሣቀች፤ ሰሌዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም በትልቁ ጻፈቻት።
አባቴ ነው ያወጣው፤ ከአምስት ወንዶች ኋላ
አንዲት ሴት ብወለድ፣ አንዷን እንደ ብዙ ሊቆጥር በመላ።

ኀሙስ ዕለት ሚስተር ክሌግ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ከመጋዘኑ በር
ሣጥን ላይ ወጣና ያለ ልማዱ ጀመረ ንግግር፦
«ቤተሰብ ናችሁ፤ ክንዳችን ናችሁ፤ የልባችን ትርታ።»
(በሦስት መደርደር። ካርድ ቁጥር ዐሥራ አንድ። አድማጭ እንዲረታ።)
«ማዕበል ቢመታን፣ መርከቧን ለማዳን…» አለና ተከዘ።
(ተለዋጭ ዘይቤ። ሰውዬው በባሕር ከቢሮው ወዲያ መቼ ተጓዘ?)
«ጭነት እናቀልላለን።»
ጭነቱ እኛ ነን።

ቃል ማለዘብ ይባላል፤ የሞተን ሰው «አረፈ» እንደምንለው።
አርባ ሰው አረፈ፤ የእኔም ስም አለበት፤
ሙት ሆኜ ፈተና ልቀመጥ ነው። (ይህቺስ አያዎ ናት።)

«ይህን ሁሉ ዓመት ያለ እናንተ ማን ነበረን?» አለ።
መልስ የማይሻ ነው ይህ ዓይነት ጥያቄ፤ እኔ ግን መልስ ስላለ
«ማንም!» አልኩ ጮኬ።
ማንም አልሣቀም።
የበረዶው ማሽን ብቻ አጉረመረመ።
(ሰውኛ ነው። ማሽን አያጉረመርምም።)

ከጎኔ ዳይቫ፣ ሊትዌኒያዊቷ፣ በእንግሊዝኛ ከእኔ የምታንስ፣
ኪሴ ገብታ ጣቴን ያዘች፤ ቀዝቃዛ በቀዝቃዛ፣ ላይሞቅ፣ ላይመለስ።
ማክሰኞ ብጠይቅ «ለዚህስ ምን እንበል?» ብዬ ሚስስ ሆልሮይድን፣
«ፈተና ላይ አይመጣም» አለች፣ መስኮቱን እያየች፣ እያሰረች ሻርቧን።

ሰኔ ሆነ። አዳራሽ። ከላይ የቅርጫት ኳስ መረብ የተበጠሰ።
ልጄን በሚያካክሉ መቶ ልጆች መሐል፣ በጠባብ ወንበር፣
ጠረጴዛዬ ላይ ስም የለም፤ አለ እንጂ ባለአራት አኃዝ ቁጥር፦
ሰባት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ስድስት።
ከእልፍ ቀንሼ የጎደሉትን ሴቶች ቆጠርኩኝ በልቤ፤
ሦስት ሺህ ሊሞሉ ዐሥራ ስድስት ቀራቸው።
የት ጣልኳቸው ከቶ፣ በየት በኩል ጠብቤ?

ጥያቄ ሁለት፦ «ጸሓፊው ቅዝቃዜን እንዴት ይገልጸዋል?»
ምንባቡ በረዶን «እንደ መርፌ ወጋ» ይለዋል።
ሐሰት። በረዶ መጀመሪያ አይወጋም። ያባብላል፣ ይለማመጣል፤
ጣትሽ የሌላ ሰው መስሎሽ ስትረሺው፣ ቢላዋው ያኔ ይመጣል።
ሰባት ዓመት ያነበብኩት ነው።

«ሲሚሊ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማርኩ እዚያ ላይ ነው።
ከዚያ አላቆምኩም። ስለ ጣት፣ ስለ ኪስ፣
ስለዚያ ስም ስለሌለው፣ ፈተና ላይ ስለማይመጣው፤
መስመሩ አለቀ፤ ኅዳጉ አለቀ፤ እጄን አወጣሁ፤
ፈታኙ መጣ፣ ጫማው እንዳይሰማ በጣቱ እየሄደ።

«ተጨማሪ ወረቀት» አልኩት።
«ስንት?» አለኝ በሹክሹክታ።

ይሄኛው ጥያቄ መልስ ይሻል።